ዶክተር ጆን ደን፤ ሕይወቱና በሞቱ የተገጠመለት የልቅሶ ግጥም

የእግዚአብሔር ሕዝብ ሙታኑን በቅኔ ማልቀስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ በወደቁ ጊዜ ንጉሥ ዳዊት የልቅሶ ቅኔ ተቀኘላቸው፤ የይሁዳም ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። ሰቆቃወ ኤርምያስ የተባለውም መጽሐፍ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተሰደረ ነው፤ ከአምስቱ ምዕራፎች አራቱ ሃያ ሁለቱን ፊደላት በቅደም ተከተል ይዘው ይሄዳሉ። ከተማይቱ ፈርሳ፥ ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ፥ ሕዝቡ ተማርኮ ሳለ ነቢዩ ቃሉን በልክ አስቀመጠ። ኀዘን ሲበዛ ሥርዓት የሚያስፈልገው ልብ እንዳይበተን ነውና።

አባታችን ማርቲን ሉተርም ቢሆን መጀመሪያ የገጠመው መዝሙር ከሞት የተወለደ ነው። በ1523 ዓ.ም. ሁለት የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኮሳት ስለ ወንጌል በብራስልስ ከተማ በእሳት በተቃጠሉ ጊዜ ሉተር ታሪካቸውን በግጥም አድርጎ ለሕዝብ ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በጉባኤዎቻችን ግን ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ያከራክራል። እረኛ ሲሞት አንዳንዶች ሙሾ ተስፋ የሌላቸው ሰዎች ልማድ ነው ብለው ዝም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሟቹ ከሕፃንነቱ ጀምሮ መልአክ እንደ ነበረ አድርገው ያወድሱታል። ዝምታውም ፍቅርን ይበድላል፥ ውዳሴውም እውነትን። እንግዲህ ለእግዚአብሔር አገልጋይ የሚገባው ልቅሶ ምን ዓይነት ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅመንን አንድ ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር አምጥተን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። እርሱም የለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ የነበረው የዶክተር ጆን ደን ሕይወትና ባለቅኔው ቶማስ ኬሩ በሞቱ የገጠመለት የልቅሶ ግጥም ነው።

ጆን ደን በ1572 ዓ.ም. በለንደን ተወለደ። ቤተ ሰቡ በሮማ ካቶሊክ እምነት የጸና ነበረ፤ በእናቱ ወገን ስለ እምነቱ አንገቱን ከተቀላው ከሰር ቶማስ ሞር ጋር ይዛመዳል፤ የእናቱም ወንድም የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ካቶሊክ መሆን ብርቱ አደጋ ነበረ። ደን በኦክስፎርድ ቢማርም ለንጉሣዊው ሥልጣን በቤተ ክርስቲያን ላይ የሚደረገውን መሐላ መማል ስለማይችል የትምህርት ማዕርግ ሳይቀበል ወጣ። ታናሽ ወንድሙ ሄንሪም በ1593 ዓ.ም. አንድ ካህን በቤቱ ደብቆ ተገኘ ተብሎ ታሰረ፤ በወኅኒም ሳለ በበሽታ ሞተ።

ይህ ሞት በወጣቱ በደን ልብ ውስጥ ምን እንደ ሠራ ማሰብ አያስቸግርም። ሕግ እየተማረ የሁለቱንም ወገን መጻሕፍት ያገላብጥና ይመረምር ነበር፤ ከአባቶቹ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው መሻገር ለእርሱ ልብስ እንደ መለወጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ስለ ሴቶች ፍቅር የሚናገሩ፥ እጅግ የረቀቁና አንዳንዶቹም ድፍረት የሞላባቸው ግጥሞች ይጽፍ ነበር። ግጥሞቹ በእጅ እየተገለበጡ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ይተላለፉ ነበር እንጂ በሕይወቱ ሳለ በማተሚያ ቤት የታተሙት ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

በ1596 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር ወደ እስፓኝ ወደ ካዲዝ፥ በሚቀጥለውም ዓመት ወደ አዞር ደሴቶች ዘመተ። ከዚያም ተመልሶ የንግሥቲቱ ታላቅ ማኅተም ጠባቂ ለነበረው ለሰር ቶማስ ኢገርተን ጸሐፊ ሆነ። የሹመት በር በፊቱ ተከፍቶ ሳለ በ1601 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የኢገርተንን ሚስት የወንድም ልጅ አን ሞርን ያለ አባቷ ፈቃድ በስውር አገባ። አባቷም በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ ደንን አሳሰረው፤ ከሥራውም አስወጣው። ጋብቻው በኋላ በሕግ ቢጸናም ሹመቱ አልተመለሰለትም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ዓመታት በድህነት፥ በልጆች ብዛትና በበሽታ ተቸግሮ የሌሎችን ሰዎች ቸርነት እየጠበቀ ኖረ።

በዚህ የችግር ዘመን ደን ራሱ የልቅሶ ግጥም ጸሐፊ ነበረ። ኤልሳቤጥ ድሩሪ የምትባል የባለጸጋ ልጅ በ1610 ዓ.ም. በሞተች ጊዜ፥ እርሷን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሲሆን፥ ሁለት ረጃጅም ግጥሞች ጻፈላት፤ በ1611 እና በ1612 ዓ.ም.ም ታተሙ። ስለ አንዲት ወጣት ልጅ ሞት ዓለም ሁሉ እንደ ታመመና እንደ ፈረሰ አድርጎ ስለ ተናገረ ብዙዎች ተቹት። እንግዲህ ልኩን ያለፈ ውዳሴ የሚያስከትለውን ነቀፌታ እርሱ ራሱ ቀምሶታል።

ንጉሥ ያዕቆብ ቀዳማዊ ደንን ለሌላ ሹመት ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ፈለገው። ደን ግን ለብዙ ጊዜ አመነታ። ከወጣትነቱ ነውር የተነሣ የክህነት ስም እንዳይነቀፍ ፈርቶ እንደ ነበረ የሕይወቱን ታሪክ በ1640 ዓ.ም. ያሳተመው ወዳጁ አይዛክ ዋልተን ይተርካል። በመጨረሻም በጥር ወር 1615 ዓ.ም.፥ ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ፥ ተቀባ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በነሐሴ 1617 ዓ.ም. ሚስቱ አን አሥራ ሁለተኛውን ልጅ ሞቶ ከወለደች በኋላ በጥቂት ቀን አረፈች። ሰባኪው ሰባት ልጆች ይዞ ቀረ፤ ሌላም ሚስት አላገባም።

በ1621 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ ሆነ። ስብከቱን ለመስማት መኳንንትም ነጋዴዎችም ይሰበሰቡ ነበር። ሰቆቃወ ኤርምያስንም ወደ እንግሊዝኛ ግጥም መልሶታል። በ1623 ዓ.ም. መጨረሻ ለሞት የሚያደርስ ትኩሳት ያዘው፤ በአልጋው ላይ ሆኖ ያሰበውንና የጸለየውን ጽፎ በሚቀጥለው ዓመት አሳተመ። ዋልተን እንደሚተርከው ለእግዚአብሔር አብ የተጻፈውን መዝሙሩን በዚህ ሕመም ገጠመ፤ በዜማም አስደርሶ በካቴድራሉ መዘምራን ያስዘምረው ነበር።

ስለዚህ መዝሙር አሠራር ጥቂት እንናገር፤ በኋላ ለምንመለከተው የልቅሶ ግጥም በር ይከፍትልናልና። መዝሙሩ ሦስት አንቀጽ አለው፤ በያንዳንዱ አንቀጽ ስድስት ስንኝ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች አሥር አሥር ቀለም፥ አምስተኛው ስምንት፥ ስድስተኛው ግን አራት ቀለም ብቻ ነው። የሚዘምረው ሰው ኃጢአቱን በረጃጅሙ ስንኝ ይናዘዛል፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ትንፋሹ እንዳጠረበት ሕመምተኛ ስንኙ ያጥራል። ቤቱም በሦስቱ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ብቻ ነው፤ እየተፈራረቀ ይመላለሳል እንጂ አይለወጥም። ከእነዚህ አንዱ የሚያርፍበት ቃል በእንግሊዝኛ የተፈጸመ ማለት ሲሆን፥ ድምፁ ደን ከሚለው ከራሱ ስም ጋር አንድ ነው። ሁለተኛው የሚያርፍበት ቃል ተጨማሪ ማለት ነው፤ ይህም ሞር ከሚለው ከሚስቱ የቤተ ሰብ ስም ጋር እንደሚገጥም ብዙዎች አስተውለዋል። እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው ይኸው ነው፤ በሰሙ የይቅርታ ሥራ መፈጸሙን ይናገራል፥ በወርቁ እግዚአብሔር ደንን ራሱን ገና ገንዘቡ እንዳላደረገው ይናዘዛል። በመጨረሻው አንቀጽ ግን ሞቱን መፍራቱን ተናዝዞ የልጁን ብርሃን ሲለምን፥ ያ አጭር ስንኝ ፍርሃትን ወደ ማባረር ተለወጠ።

በየካቲት 25 ቀን 1631 ዓ.ም. ደን እጅግ ታሞ ሳለ በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ፊት የጾም ስብከት ሰበከ። ሥጋው አልቆ ስለ ነበረ የሰሙት ሰዎች የራሱን የቀብር ስብከት እንደ ሰበከ ቈጠሩት። መጋቢት 31 ቀን በዚያው ዓመት አረፈ። ከመሞቱ በፊት በመግነዝ ተጠቅልሎ ሥዕሉን እንዳስነሣ ይነገራል፤ በዚያው አምሳል ኒኮላስ ስቶን የተባለው ቀራፂ የእብነ በረድ ሐውልት ሠራለት። በ1666 ዓ.ም. ታላቁ እሳት የቀድሞውን ካቴድራል ባቃጠለው ጊዜ ይህ ሐውልት ተረፈ፤ ዛሬም በአዲሱ ካቴድራል ውስጥ ቆሞ ይገኛል።

በሞተ በሁለተኛው ዓመት፥ በ1633 ዓ.ም.፥ ግጥሞቹ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ታተሙ። በመጽሐፉም መጨረሻ ወዳጆቹ የጻፉለት የልቅሶ ግጥሞች ተጨመሩ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ በኋላ ጳጳስ የሆነው ሄንሪ ኪንግ፥ ሌላው ዋልተን ነበሩ። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነው የቶማስ ኬሩ ግጥም ነው። ኬሩ ካህን አልነበረም፤ በንጉሡ ማዕድ የሚያገለግል የቤተ መንግሥት ሰው፥ የፍቅር ግጥሞችም ደራሲ ነበረ። ለእግዚአብሔር አገልጋይ የተሻለውን ልቅሶ ያለቀሰው እንዲህ ያለ ሰው መሆኑ ያስገርማል።

የግጥሙን ሚዛን ለመረዳት ከእኛ ግጥም ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በአማርኛ ሚዛን የምንጠብቀው ቀለማትን በመቍጠር ነው፤ ለምሳሌ በወል ቤት አንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው በሁለት ሐረጎች ይከፈላል። በእንግሊዝኛ ግን ቍጥሩ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ቀለም በቀስታ፥ ሁለተኛው በጉልበት መነገር አለበት። የኬሩ ስንኝ አሥር ቀለም አለው፤ በቀስታና በጉልበት የሚነገሩት ጥንዶች አምስት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ አካሄዱም እንደ ሰው እርምጃ ነው። ቤቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ስንኝ እየተጣመረ ይመታል፤ ሁለቱ ከተጋጠሙ በኋላ ሌላ ቤት ይተካል። ወደ መቶ የሚጠጉት ስንኞች በዚህ ዓይነት ይሄዳሉ።

የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሠሪያው በመጨረሻ ስለሚመጣ ቤታችን ብዙ ጊዜ በግሥ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ቤት መምታት ይቀላል፥ ቃሉን ማክበድ ግን ያስቸግራል። በእንግሊዝኛ ስም በስንኙ መጨረሻ ሊቆም ይችላል፤ ኬሩም በዚህ ተጠቀመ። በመክፈቻው ቅኔ ማለትና የልቅሶ ግጥም ማለት የሆኑት ሁለት ቃላት እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ፤ ቀጥሎ መተማመን የሚለው ቃል ትቢያ ከሚለው ጋር ይገጥማል። በእነዚህ አራት ቃላት ብቻ የግጥሙ ጥያቄ ሁሉ ተነገረ፤ ደን ትቢያ ከሆነ በኋላ ቅኔ ለልቅሶው የሚበቃ ቃል አላት ብለን ልንተማመን እንችላለንን? ደግሞም ሦስተኛው ቤት አበባን ከሰዓት ጋር ያጋጥማል። በዚያ ዘመን በስብከት ሰገነት ላይ የአሸዋ ሰዓት ይቀመጥ ነበረና፥ ኬሩ የተለመደውን የቀብር ንግግር ሰዓቱ ሲያልቅ ከሚጠወልግ አበባና ሰዓቱን ከሚለካው ደረቅ አሸዋ ጋር አመሳሰለው። ንግግሩንም ያልታሸና በቅጡ ያልበሰለ ሊጥ ያህል ቈጠረው። ይህን የምናነብ ሰባኪዎች ልባችን ሊነካ ይገባል።

ሌላም ነገር እናስተውል። ስንኙ ሲያልቅ አሳቡ አብሮ አያልቅም፤ ከአንዱ ስንኝ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፥ በስንኙም መካከል በድንገት ይቆማል። እንደሚያለቅስ ሰው መናገር ጀምሮ ሲቃ ይይዘዋል፤ እንደ ገናም ይቀጥላል። ይህ አካሄድ የደን የራሱ ነበረ። ቤን ጆንሰን የተባለው ታላቅ ባለቅኔ ደን በጉልበት የሚነገረውን ቀለም በቦታው ስላላኖረ ሊሰቀል ይገባዋል እስከ ማለት ደርሶ ነበር፤ ሆኖም በአንዳንድ ነገር ከዓለም ባለቅኔዎች ሁሉ አስቀደመው። ኬሩ ግን ይህን ሻካራነት እንደ ነውር አልቈጠረውም። ከጥንት ሰዎች ሲሰረቅ የኖረውን የቅኔ አትክልት ስፍራ ደን አረሙን ነቅሎ አዲስ እንደ ተከለበት፥ እንቢተኛውንም የእንግሊዝኛ ቋንቋ ለታላቅ አሳቡ መታጠቂያ እንዲሆን እንደ አጐበጠው ይናገራል። ስብከቱም ሙቀትና ብርሃን ይዞ ወደ ሰሚው ልብ ይገባ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ወደ መጨረሻውም ሲቃረብ ኬሩ ስለ ራሱ ግጥም በትሕትና አንድ ምሳሌ ያመጣል። በፍጥነት የሚሽከረከር መንኰራኵር የሚያዞረው እጅ ከተነሣለት በኋላ ወዲያው አይቆምም፤ እየደከመ ጥቂት ይዞራል። ቅኔም ደን ከሞተ በኋላ በቀድሞው እጅ ኃይል ጥቂት ትዞራለች እንጂ የራሷ ኃይል የላትም ማለቱ ነው። ስለዚህም በሬሳው ሣጥን ዙሪያ ያለውን የተከበረ ዝምታ ባልተቃኘ ግጥሙ ስለ ሰበረ ይቅርታ ይለምናል።

ከዚህ በኋላ በመቃብሩ ላይ እንዲጻፉ ያሰናዳቸው አራት ስንኞች ይመጣሉ። አካሄዱ በድንገት ተለወጠ። እስከ አሁን እየተቈራረጠና እየተሻገረ የመጣው አሳብ በሁለት በሁለት ስንኝ ተዘግቶ ይቆማል፤ በዚህ ተኝቷል የሚለው አነጋገር በሁለቱም ጥንድ መጀመሪያ ይደገማል። የልቅሶው ሲቃ አልቆ ድንጋዩ እንደ ተገጠመ ያህል ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ደንን በአእምሮ ጥበብ ግዛት ላይ እንደ ነገሠ ንጉሥ ያደርገዋል። ሁለተኛው ጥንድ ሁለት አገልጋዮች በአንድ መቃብር እንደ ተኙ ይናገራል፤ አንደኛው አስቀድሞ አፖሎን ለተባለው ለግሪኮች የቅኔ ጣዖት፥ ሁለተኛው በኋላ ለእውነተኛው አምላክ ያገለገለ። የግጥሙም ሁሉ የመጨረሻ ቃል ካህን የሚለው ነው። ይህ ቃል ከሁሉ የበለጠ ከሚለው ቃል ጋር እንዲገጥም ሆኖ ተቀምጧል፤ ዛሬ በሚነገረው እንግሊዝኛ ግን ሁለቱ ድምፆች በሙሉ አይገጥሙም። ከሁሉ የበለጠ የሚለው ምስጋና ከክህነት ጋር ሊጋጠም ሲሞክር ጥቂት ይጐድለዋል።

በዚህ ግጥም የምንነቅፈው ነገር የለም አንልም። ትንሣኤ በውስጡ አልተሰበከም፤ የክርስቶስም ስም አልተጠራም፤ የሰውየው ጥበብ ብዙ ስንኝ ሲይዝ የእግዚአብሔር አገልግሎት ጥቂት ስፍራ አገኘ። ሟቹ ራሱ በአልጋው ላይ የገጠመው መዝሙር ከዚህ ይበልጣል፤ በዚያ የሚነገረው ስለ ኃጢአትና ስለ ይቅርታ ነውና። ቢሆንም ኬሩ አንድ ነገር በእውነት ጠበቀ፤ የደንን የወጣትነት ዘመን አልደበቀም። አስቀድሞ የሌላ እንደ ነበረ፥ በመጨረሻም የእውነተኛው አምላክ እንደ ሆነ በአንድ ስንኝ ውስጥ አኖረው። ፊተኛው ባይጠቀስ ኖሮ የኋለኛው ጸጋ ባልታወቀም ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም አሳዳጅ መሆኑን ሳይሸሽግ ነው ሐዋርያነቱን የተናገረው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ እረኞቻችንን በምንቀብርበት ቀን ከዚህ ምን እንውሰድ? አስቀድሞ፥ ማልቀስን አንፈር። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል፤ ትንሣኤን የምናምን መሆናችን ዓይናችንን ያብሳል እንጂ እንባችንን አይከለክልም። ደግሞም ልቅሷችን በልክ ይሁን። ልክ ማለት ቀዝቃዛ መሆን አይደለም፤ ደን ትኩሳት እያቃጠለው በሁለት ቤት ብቻ ጸለየ፥ ያ ጥበት ጸሎቱን አጠነከረለት እንጂ አላፈነውም። ለጉባኤ መዝሙር የምትገጥሙ ሁሉ ቀለሙን ስትቈጥሩና ቤቱን ስትመርጡ የከበደው ቃል የት እንደሚያርፍ አስቡ፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው የመጨረሻውን ቃል ነውና።

ከሁሉም በላይ ስለ ሟቹ እውነቱን እንናገር። ችግሩን፥ ድካሙን፥ ከየት እንደ ተጠራ በትሕትና እንናገር፤ ነገር ግን በዚያ አንፈጽም። የእግዚአብሔር አገልጋይ ታሪክ የሚፈጸመው አስቀድሞ በነበረበት ሳይሆን እግዚአብሔር በመጨረሻ ባደረሰው ስፍራ ነው። ጆን ደን ስሙን በእግዚአብሔር ምሕረት ውስጥ ሸሽጎ፥ ጌታ ሥራውን በእርሱ ሳይፈጽም እንዳይተወው ለመነ። እኛም ይህንኑ ስለ ራሳችንና ከእኛ በፊት ስላረፉት እረኞች እናምናለን። መልካሙን ሥራ በእኛ የጀመረ እርሱ እስከ ክርስቶስ ቀን ድረስ ይፈጽመዋል። ለስሙ ክብርና ምስጋና ለዘላለም ይሁን። አሜን።